መጀመሪያ ሜዳው፣ ከዚያ ጠመንጃው

ባለፈው ሰንበት የእህቴ ልጅ በአራት የታጠፈች ወረቀት ይዞ ጉለሌ ወዳለው ቤቴ መጣ። ገና 14 ዓመቱ ነው። ውጭ አገር የሚኖረው የአባቱ ወንድም «የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን በጥሩ ውጤት ካለፍክ የልብህን እገዛልሃለሁ» ብሎት ኖሮ፣ ልጁም ውጤቱን አምጥቶ ቃሉን ሊያስፈጽም ተነሥቷል። የልቡ ምኞት ስልክ ወይም ብስክሌት መስሎኝ ነበር። ወረቀቷን ስዘረጋት ግን የሦስት የአየር ጠመንጃዎችን ስምና ዋጋ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ተደርድሮ አገኘሁት። ዋጋው ከዶላር ወደ ብር ተመንዝሮ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«ጋሼ፣ አንተ የባንክ ሰው ነህ፤ ከሦስቱ የትኛው ያዋጣል?» አለኝ።

ውድ አንባቢ፣ ቀኑን ሙሉ ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ የሰው ገንዘብ የሚቆጥር ሰው እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ አያጣም ይባላል። እኔ ግን አጣሁ። «አንድ ሳምንት ስጠኝ» ብዬ ሸኘሁት። ይህች ጽሑፍ ከሳምንቱ በኋላ የሰጠሁት መልስ ናት። ለእርሱ ብቻ ብዬው ነበር፤ ሆኖም በየሰፈሩ ተመሳሳይ ወረቀት በኪሳቸው የያዙ ልጆችና ተመሳሳይ ጥያቄ የሚጠብቃቸው አጎቶች አይጠፉም ብዬ አደባባይ አወጣኋት።

ጠመንጃ በእኛ ዘንድ ተራ ዕቃ ሆኖ አያውቅም። አያቶቻችን ከባሕር ማዶ የመጣውን ሁሉ በገዛ አንደበታቸው ስም እያወጡ የቤተሰብ አባል አድርገውታል። የፈረንሳዩን ግራ «ውጅግራ»፣ ሌላውን የፈረንሳይ ጠመንጃ ለቤልን «ለበን»፣ የእንግሊዙን ስናይደር «ሰናድር» ብለው ጠሩት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተራሮች ላይ ከጋሻና ከጦሩ ጎን የተሰለፈው ይኸው ባለ ብዙ ስም መሣሪያ ነው። ስለዚህ አንድ የጉለሌ ልጅ ጠመንጃ አማረኝ ሲል ምኞቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በፉከራው፣ በቀረርቶው፣ በግድግዳ ላይ በተሰቀለው የአያት ፎቶግራፍ ውስጥ ሲጠብቀው የኖረ ነው።

የአየር ጠመንጃ ባሩድ የለውም፤ የታመቀ አየር ነው ጥይቱን የሚገፋው። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ መጫወቻ ነው» ይላል። አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1780 ጀምሮ የኦስትሪያ ጦር ጂራንዶኒ የሚባል የአየር ጠመንጃ ታጥቆ ነበር፤ ሃያ ያህል ጥይት በተከታታይ ይተኩስ ነበር፤ የአየር ማጠራቀሚያውን ለመሙላት ግን ከሺህ ጊዜ በላይ መንፋት ያስፈልግ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ይኸው መሣሪያ ዛሬ የሰላም ስፖርት ነው። የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ወደ ኦሊምፒክ ገባ። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ የመጀመሪያው የወርቅ ሜዳሊያ የተሰጠው በዚሁ ስፖርት፣ በወንድና በሴት ጥምር ውድድር ሲሆን፣ አሸናፊዎቹም ሁለት ወጣት ቻይናውያን ነበሩ። በዚህ ውድድር ዐሥር ነጥብ የሚያሰጠው የዒላማው እምብርት ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። በእስክርቢቶ ጫፍ ወረቀት ላይ የምናሳርፋት ነጥብ ማለት ናት። እርሷን በ10 ሜትር ርቀት ለማግኘት ጉልበት አይረዳም፤ የሚረዳው ትንፋሽን መቆጣጠር ነው።

ወደ ልጁ ወረቀት እንመለስ። ምርጫውን ያለ አድልዎ መዘንኩለት፤ ምክንያቱም ጥያቄን ሳይመልሱ ምክር መስጠት ለልጅ ንቀት ነው።

በወረቀቱ ላይ የነበሩት ሦስቱ ጠመንጃዎች ሦስቱን ዋና ዋና ዓይነቶች ይወክሉ ነበር። አንደኛው ባለ ሞላ ነው። አፈሙዙን ወደ ታች ሲሰብሩት በውስጡ ያለው ሞላ ይታመቃል፤ ቃታው ሲሳብ ሞላው ይለቀቅና ፒስቶኑን ይገፋል፤ ፒስቶኑ አየሩን፣ አየሩ ጥይቱን። ከሰው ክንድ በቀር ሌላ ነገር አይፈልግም። ሁለተኛው ባለ ጋዝ ሲሆን 12 ግራም የሚመዝን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለህ ይጎርሳል፤ ቀለሁ አንዴ ባዶ ከሆነ ይጣላል። ሦስተኛው አስቀድሞ አየር የሚሞላ ነው፤ 200 ባር ያህል ግፊት ይይዛል። ከሦስቱ ለስላሳውና ትክክለኛው እርሱ ነው።

ልጁ ሁለት ጊዜ ያሰመረበት ባለ ጋዙ ነበር፤ ዋጋው ከሁሉ ያንሳልና። የባንክ ሰው ግን ወዲያውኑ የሚጠይቀው የመግዣውን ሳይሆን የማኖሪያውን ዋጋ ነው። በየሳምንቱ ከውጭ የሚመጣ ቀለህ የሚበላ ጠመንጃ እንደ ወለድ ነው፤ ዕዳው አያልቅም። በዚያ ላይ ጋዙ በብርድ ጊዜ ግፊቱ ይወርዳል፤ የእንጦጦ ግርጌን የጥቅምት ጧት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አየር የሚሞላው ደግሞ ልዩ የእጅ መንፊያ ወይም ትልቅ ሲሊንደር ይፈልጋል፤ ያ ሲጨመር ዋጋው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኪሱ ላልደለበ ጀማሪ የሚያዋጣው ባለ ሞላው ነው። ጠባየ አስቸጋሪ ነው፤ ሲተኮስ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይነቀንቃል፤ አጥብቆ የያዘውን ሰው ዒላማ ያስተዋል። ቀለል አድርጎ መያዝን የግድ የሚያስተምር መሆኑ ግን ለጀማሪ ጥቅሙ ነው።

ስለ መጠኑም ጥቂት ልበል። የጥይቱ ውፍረት 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን መምረጥ ይበጃል፤ የዒላማ ስፖርት የሚሠራው በእርሱ ነው፤ ጥይቱም ከወፍራሙ ይልቅ ይረክሳል። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነው ጥይት ወረቀትን ክብ አድርጎ ስለሚበሳ ነጥብ ለመቁጠር ያመቻል። ኃይለኛነት ግን አያስጎመጅ። ጀርመኖች ያለ ፈቃድ ለአዋቂ የሚሸጡትን የአየር ጠመንጃ በ7.5 ጁል ወስነውታል፤ ለ10 ሜትር ዒላማ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። በመነጽር ፋንታ ተራ ማነጣጠሪያ ይበቃል። ሰደፉ ለልጁ ክንድ የሚመጥን፣ ክብደቱም ክንዱን የማያንቀጠቅጥ ይሁን። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ሞላው ሲታመቅ እንዳይንሿሿ ማዳመጥ፣ በአፈሙዙ ውስጥ በብርሃን አሻግሮ ዝገት እንዳለ ማየት፣ ከተመሳሳይ ቦታ አምስት ጊዜ ተኩሶ ቀዳዳዎቹ መሰብሰባቸውን መመርመር ያስፈልጋል። ያለ ጥይት መተኮስ የውስጥ ጎማውን ስለሚያበላሽ ሻጩ «ባዶውን ሞክረው» ካለ፣ እርሱ ራሱ ስንት ጊዜ እንደሞከረው መጠርጠር ነው።

በጀቱን በተመለከተ ለልጁ የሰጠሁት ቀመር ቀላል ነው፦ ከያዝከው ገንዘብ ለጠመንጃው ግማሹን ብቻ አውጣ። የቀረው ግማሽ ለዓይን መከላከያ መነጽር፣ ለጥይት፣ ለቁልፍና ለጥይት ማቆሚያ ሣጥን ነው። ሣጥኑን የሰፈር አናጺ ይሠራዋል፤ ጀርባው ወፍራም ብረት፣ ሆዱ አሮጌ መጽሔትና ጨርቅ የታጨቀበት ይሁን። ጥይቱ እርሳስ ስለሆነ ከተኩስ በኋላ እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ አይቆረስም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለው ተረታችን ለወጥ ብቻ የተነገረ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ልጁ በደስታ ያዳምጠኝ ነበር። ቀጥሎ ያልኩት ግን አላስደሰተውም።

«የት ልትተኩስ ነው?» አልኩት።

መልሱን እኔም እርሱም እናውቀዋለን። የእህቴ ቤት ቀጨኔ ነው። ግቢው ለሦስት አባወራ የጋራ ሲሆን ከአጥሩ እስከ ማድ ቤቱ ስምንት እርምጃ ነው። አጥሩ ቆርቆሮ ነው፤ ከቆርቆሮው ኋላ የጎረቤት ልብስ ማጠቢያ አለ፤ ከልብስ ማጠቢያው ኋላ ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበት ቀጭን መንገድ። ዒላማውን የሳተ የአየር ጠመንጃ ጥይት ደግሞ ዐሥር ሜትር ላይ አይቆምም፤ ዐሥሩን ብዙ ጊዜ እጥፍ አድርጎ ይሄዳል። «እንጦጦ ጫካ እወጣለሁ» አለኝ። ጫካው ባዶ አይደለም። እንጨት የሚለቅሙ እናቶች፣ በማለዳ የሚሮጡ አትሌቶች፣ ጸበል የሚወርዱ ምእመናን አሉበት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ስምምነት የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም ከ700 ሄክታር በሚበልጥ ይዞታው ላይ በሌላ ዓለም የማይገኙ አእዋፍን ያስጠልላል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ስለ መሣሪያውም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ስለሆነም «ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ፖሊስ ነው፤ አጎትህም በሻንጣው ሸጉጦ እንዳያመጣው» አልኩት። በሕገ ወጥ መንገድ የገባ ዕቃ ርካሽ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ሳምንት ያስጠየቀኝን ነገር ልናገር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቀደን፣ ከባሕር ዛፍ ባላ ጋር አስረን ወንጭፍ የሠራን ሦስት ልጆች በአንድ አጥር ላይ ያረፈች ርግብ አየን። አራተኛው ጓደኛችን ድንጋይ ሊለቅም ሄዶ ነበር፤ ከአጥሩ ወዲያ ይሁን ወዲህ ማናችንም ልብ አላልንም። ሦስታችንም እኩል ለቀቅን። ርግቧ በረረች። ከአጥሩ ማዶ የሰማነውን ጩኸት ዛሬም አልረሳሁትም። ጓደኛችን ግራ ዓይኑን አጣ። የማን ድንጋይ እንደሆነ በዚያን ቀን አልታወቀም፤ እስካሁንም አይታወቅም። እናቱ አንድም ቀን «ማነው?» ብለው አልጠየቁንም። በፋሲካ ዳቦ ሲቆርሱ ለአራታችንም እኩል ይሰጡን ነበር። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ያ ልጅ ዛሬ ቤተሰብ ያስተዳድራል፤ ገንዘብ ሊያስገባም ሊያወጣም ወደምሠራበት ቅርንጫፍ ይመጣል። ቅጹን ስሰጠው ለመፈረሚያው መስመር ፊቱን ወደ ግራ ያዞራል። እኔም በጣቴ መስመሩን አሳየዋለሁ። «ተባረክ» ይለኛል። ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

አደጋው በደረሰ በዓመቱ ጥምቀትን ለማክበር ጃን ሜዳ ሄድን። በአንድ ጥግ የዒላማ ጨዋታ ነበር፤ ፊኛዎች የተሰቀሉበት ሰሌዳ፣ ከኋላው አፈር የተሞላ ማዳበሪያ፣ ከፊቱ የተዘረጋ ገመድና አንዲት አሮጌ የአየር ጠመንጃ። ጥይቱን የሚያጎርሰው ባለቤቱ ራሱ ነው። ገመዱን ያለፈ ልጅ ወዲያው ይባረራል፤ ተራ የሌለው ይቆማል። ወንጭፋችንን ከጣልን ወዲህ እንደዚያ ቀን ሳልፈራ አነጣጥሬ አላውቅም። ፊኛውን ሳትኩት፤ ደስታዬ ግን ሙሉ ነበር። ጨዋታ ደስ የሚለው ማንም እንደማይጎዳ እርግጠኛ ሲሆኑ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ያ ሰው የሸጠልን ተኩስ ብቻ አልነበረም፤ ማዳበሪያውን፣ ገመዱንና ተራ መጠበቁንም ጭምር ነበር። በጥቂት ሳንቲም ያን ሁሉ ማግኘት ርካሽ ነበር።

አስተያየቴ እንግዲህ ይህ ነው፦ የድኻ ሰፈር ልጅ የመጀመሪያ ጠመንጃ የግል ጠመንጃ መሆን የለበትም፤ የጋራ መሆን አለበት። መጀመሪያ የሚመረጠው ሜዳው ነው፤ ጠመንጃው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሕንዳዊው አብሂናቭ ቢንድራ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤይጂንግ ኦሊምፒክ በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ለአገሩ የመጀመሪያውን የግል ወርቅ ሲያመጣ ብዙዎች ስለ እጁ ጽናት ተናገሩ። ይሁንና አባቱ በግቢያቸው ውስጥ የመተኮሻ ቤት ሠርተውለት እንደነበርም አብሮ መነገር አለበት። እርሱም የጀመረው ከሜዳው ነው። የእኛ አባቶች እንዲህ ያለ ግቢ የላቸውም። ትምህርት ቤቶቻችንና የወረዳ ወጣት ማዕከሎቻችን ግን አዳራሽ አላቸው። የሚያስፈልገው ከመማሪያ ክፍል ጥቂት የሚረዝም ቤት፣ መስኮት የሌለው ግድግዳ፣ አንድ ሠልጣኝ ኃላፊ፣ በስም ተመዝግበው የሚቆለፍባቸው ሁለት ባለ ሞላ ጠመንጃዎች ናቸው። ለአንድ ልጅ የታሰበው ገንዘብ ለሠላሳ ልጆች ይበቃል። ዕቁብን ለፈለሰፈ ሕዝብ ይህ ሂሳብ አዲስ አይደለም።

«ይህች አገር ጠመንጃ አነሳት ወይ?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውንም በአክብሮት እቀበለዋለሁ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም በኋላ ያየነውና የሰማነው ደም መፋሰስ የእህቴን ልጅ ትውልድ በተኩስ ወሬ አሳድጎታል። የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሐሳቤን ሰምታ «እኔ ልጄ ጠመንጃ የሚባል ነገር በእጁ እንዲነካ አልፈልግም» አለችኝ፤ ልፈርድባት አልቻልኩም። የእኔ መልስ ግን ይህ ነው፦ ምኞቱ ቀድሞ በልጁ ልብ ውስጥ አለ። ብንከለክለው ወንጭፍ ይሠራል፤ ዝም ብንለው በድብቅ ይገዛል። ገመድ ዘርግተን፣ ተራ አስጠብቀን፣ «ከዒላማው ኋላ ማን አለ?» የሚለውን ጥያቄ ከቃታው በፊት ብናስተምረው ግን ምናልባት ጠመንጃ ሲይዝ የሚጠነቀቅ ሰው ይወጣዋል። ከጠመንጃ ሁሉ የሚጎድለን ይህ ጥንቃቄ ይመስለኛል።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰ። ፊቱ አልፈካም። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ታዲያ ለትምህርት ቤቱ ማመልከቻውን ማን ይጽፈዋል?» አለኝ። አብረን ጻፍነው፤ ለውጭ አገሩ አጎቱም አንድ ደብዳቤ ጨመርን። ማመልከቻው ገብቷል፤ መልሱ ገና አልመጣም። ባይመጣ ሌላ በር እናንኳኳለን።

እኔም የራሴ ያልገባ ማመልከቻ አለኝ። ጓደኛዬ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ መስኮቴ ሲመጣ መስመሩን አሳይቼው ብቻ አልሸኘውም፤ ቡና ልጋብዘውና ያን ቀን በስሙ ጠርቼ ይቅርታ ልጠይቀው ወስኛለሁ። እስከዚያው ሌሊት የጻፍኳትን ስንኝ ለልጁ ማስታወሻ እንድትሆነው እዚህ አኖራለሁ።

ሦስት እጅ ወረወረ፣ አንዲት ዓይን ጨለመች፣
ርግቢቱም በርራ ባሕር ዛፍ ላይ አረፈች።
የማን ድንጋይ ነበር? ማንም ሰው አያውቅም፤
ስለማይታወቅ ግን ከማናችን አይወርድም።
አንተ ልጅ፣ ዒላማን ብቻ አይተህ አትተኩስ፣
ማን እንደቆመ እይ ከዚያ ማዶ ድረስ።

ቸር ሰንብቱ።